እናቲቱም ትስማ፤ ስድስት ቀን በጆሃንስበርግ

የጉዞዬ ምክንያት አንዲት የአምስት ቀን ሕፃን ነበረች። ልጄ ሂሩት ከባለቤቷ ከግርማ ጋር በጆሃንስበርግ መኖር ከጀመረች አራተኛ ዓመቷን ይዛለች። የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ለክርስትናው እደርስ ዘንድ ቪዛዬን ቀደም ብዬ አስመትቼ ተቀምጬ ነበር። ሆኖም ግርማ ስልክ ደውሎ፣ «አባባ፣ ሕፃኗ የምትተነፍሰው በመሣሪያ ነው፤ እባክዎ ቶሎ ይምጡ። ሂሩት ግን ምንም አታውቅም» ስላለኝ ጉዞዬ ተፋጠነ። ከተመለስኩ አንድ ወር ሆኖኛል። ወደዚያ አገር የመሄድ ዕድል ለማይገጥማቸው ወዳጆቼ ያየሁትን በየቀኑ ከፋፍዬ እነሆ እጽፋለሁ፤ የራሴንም ስሕተት አላስቀርም።

ማክሰኞ

ከቦሌ ጠዋት የተነሣው አውሮፕላን ከቀትር በኋላ ጆሃንስበርግ አረፈ። የእነርሱ ሰዓት ከእኛ በአንድ ሰዓት ስለሚዘገይ የእጅ ሰዓቴን በጥንቃቄ አስተካከልኩ፤ መነጽሬን ግን በወንበሩ ኪስ ውስጥ ትቼ ወረድኩ። ይህን ያወቅሁት የመውጫውን ምልክት ማንበብ ሲያቅተኝ ነው።

ውጭ ቆሞ የጠበቀኝ ማርቆስ ይባላል። የሆሳዕና ሰው ነው፤ አማርኛን የተማረው በትምህርት ቤት ነው። ካትሌሆንግ በሚባለው ሠፈር፣ እነርሱ ስፓዛ የሚሉት ዓይነት ትንሽ ሱቅ ከወንድሙ ጋር ይዟል፤ የሚኖረው ግን ዮቪል፣ ከልጆቼ ቤት ጎን ባለው አፓርታማ ነው። ግርማ ከሆስፒታል መራቅ ስላልቻለ እኔን የመቀበሉን ሥራ ማርቆስ በራሱ ፈቃድ ወስዷል።

«ኖ ስትረስ ጋሼ» አለኝ የመነጽሩን ነገር ስነግረው፤ «ሱቅ ውስጥ መነጽር አለኝ። ከሳሙናው አጠገብ ነው የምሰቅለው።»

«የዓይን ሐኪም ሳያየኝ?»

«እዚያ ሠፈር የዓይን ሐኪሙ እኔ ነኝ። የኤርታይም ካርድ ቍጥር ማንበብ ከቻሉ ልክዎ ነው ማለት ነው።»

ማምሻውን ሦስት መነጽር ይዞ መጣ፤ የካርዱን ቍጥርም በሁለተኛው አነበብኩ። በዚያ መነጽር እስከ መጨረሻው ቀን ተጠቅሜያለሁ፤ ይህንንም የምጽፈው በእርሱ ነው። መኝታ ቤቱን ለእኔ ለቆ እርሱ ሶፋ ላይ ተኛ፤ ብከራከረውም አልሰማኝም። እራት ፓፕ የሚሉትን የነጭ በቆሎ ገንፎ በጎመንና በተጠበሰ ሥጋ አቀረበልኝ። ለእኛ ሰው ቅቤውና በርበሬው የተረሳ ይመስላል፤ ሥጋውን ሳስከትል ግን እጄ አልታቀበም።

ረቡዕ

ጠዋት ወደ ሆስፒታል ስንወጣ በዮቪል ጎዳና ላይ ሐምራዊ አበባ ያጥለቀለቀው ዛፍ አየሁ። በአዲስ አበባም መኖሩን ለማርቆስ ልነግረው ጣቴን ወደ ላይ ቀስሬ ሳሳየው አንድ ሚኒባስ እየተንጫጨ ፊታችን ቀጥ አለ። ለካ ጣት ወደ ላይ መቀሰር፣ «ወደ ከተማ መሐል እሄዳለሁ» የሚል የታክሲ ምልክት ኖሯል። ማርቆስ በዙሉኛ ይቅርታ ሲጠይቅ ሾፌሩ እየሳቀ አንድ ነገር ብሎ ሄደ።

«ምን አለ?» አልኩት።

«ሽማግሌው ለዛፍ ታክሲ የሚያቆሙ ከሆነ ለሰውማ አውቶቡስ ያቆማሉ አለ።»

በአገራችን አስታማሚ ግቢ ውስጥ ፔርሙዝ ይዞ ተቀምጦ ከውስጥ ሰው እስኪጠራው ይጠብቃል። እዚህ ግን አያትም ቢሆን እጁን እስከ ክርኑ ታጥቦ ይገባል። ሲስተር ቡሲ የምትባል ነርስ እጄን ሁለት ጊዜ አሳጠበችኝ፤ ሰዓቴንም አስወለቀችኝ። «ምኩሉ» እያለች ትጠራኝ ነበር፤ በቋንቋቸው አያት ማለት ነው። በዚያ ስም የጠራኝ የመጀመሪያው ሰው እርሷ ናት።

ሕፃኗ ወሯን ጨርሳ የተወለደች፣ ሙሉ አካል፣ ጠጕረ ብዙ ናት። ቱቦው ከአፏ ባይታይ ተኝታለች ይባል ነበር። ምጡ ሲጀምር፣ ሆስፒታል ሳይደርሱ ገና መንገድ ላይ፣ እትብቷ ከራሷ ቀድሞ ወርዶ ተጨፍልቆ ኖሮ አየር አጥሯታል። የማንም ጥፋት አይደለም። ሂሩት በቀዶ ጥገና ወለደች፤ ብዙ ደም ፈሷት እርሷም በጭንቅ ተረፈች።

ከክፍሉ ስወጣ ግርማና አቶ በቀለ ደጅ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። አቶ በቀለ የሠፈሩ ሐበሾች ዕድር ሰብሳቢ ናቸው፤ በከተማው ከሃያ ዓመት በላይ ኖረዋል። ስንት መርዶ እንዳረዱ እግዚአብሔር ይወቀው።

«ጌታዬ» አሉኝ ክንዴን ይዘው፤ «ሐኪሞቹ ተስፋ የላትም ብለዋል። የአራስ ሆድ ግን ይህን አይችልም። ግርማ ፈርሞላቸው ነገሩ ይለቅ። ከዚያ እኛ በማለዳ እንመጣለን፤ ሴቶቹ ይይዟታል፤ እኔ አረዳታለሁ። ወግ ነው፤ ደንብ ነው።»

ግርማ ዓይኑ ቀልቶ፣ «አባባ፣ እርሷንም ባጣትስ?» አለኝ።

እኔም በዕድሜዬ ሁለት መርዶ በዚሁ መንገድ ተቀብያለሁ። ጎረቤት ሁሉ አውቆ እኔ ብቻ ሳላውቅ ያደርኩባቸው ሌሊቶች በኋላ ሳስባቸው የምሕረት ሌሊቶች ነበሩ። ስለዚህ እሺ አልኳቸው።

ከዚያ ልጄ ወዳለችበት ክፍል ወረድኩ። በራስጌዋ ጎረቤቶች ያመጡት ገንፎ በየሳሕኑ ተደርድሯል።

«አዩዋት?» አለችኝ።

«አየኋት።»

«እና?»

«ጠጕሯ ብዙ ነው» አልኩ።

ስወጣ ዋናዋ ሐኪም ዶክተር ሌራቶ፣ በጠና ስለ ታመሙ አራሶች የሚሠሩበትን መመሪያ ግልባጭ ሰጠችኝ። ገና ወጣት ናት፤ ቀስ ብላ ትናገራለች። ከሰዓት በኋላ በማርቆስ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አነበብኩት።

ሕግ ተምሬ ሠላሳ ዓመት ያህል ሕግ በማርቀቅ ሥራ ኖሬአለሁ። ስለ ውርስ፣ ስለ ወሰን፣ ስለ መንገድ ያዘጋጀሁት አንቀጽ ስፍር ቍጥር የለውም፤ ሊድን ስለማይችል አራስ ግን አንድ መስመር ጽፌ አላውቅም፤ ጻፍ ያለኝም አልነበረም። እኔ ባየሁት ዘመን ሐኪሙ አባትየውን ወይም አጎትየውን በር ላይ ጠርቶ ጥቂት ያንሾካሹክለታል፤ የቀረውን ቤተሰቡ በጓዳ ይጨርሰዋል። ይህ ጽሑፍ ግን ጓዳውን ከፍቶታል። የማይጠቅም ሕክምናን መቀጠል ግዴታ አይደለም ይላል። መሣሪያውን ማቆም ሕፃኑን መተው አለመሆኑን፣ ሙቀት፣ የሕመም ማስታገሻና እቅፍ እስከ መጨረሻው እንደማይቋረጡ፣ ለመግደል ታስቦ የሚሰጥ ማናቸውም ነገር በሕግ የተከለከለ መሆኑን ያስረዳል። አንድ ሐኪም ብቻውን አይወስንም። ወላጆች ካልተስማሙ በሕክምናው ያልተካፈለ ሌላ ሐኪም ያያል፤ ከዚያም የሆስፒታሉ የሥነ ምግባር ኮሚቴ፣ በመጨረሻም ፍርድ ቤት አለ። ከሁሉ በፊት ደግሞ እናትና አባት ሁለቱም፣ በሚገባቸው ቋንቋ፣ እውነቱን ይሰማሉ።

ይህን የመጨረሻውን በእርሳስ አሰመርኩበት። አሰምሬበትም በማግስቱ ጣስኩት።

ሐሙስ

ሆስፒታሉ በስልክ የሚያስተረጕም የአማርኛ ባለሙያ ያገኘው ለዓርብ ነበር። ዶክተር ሌራቶ እስከዚያ እንጠብቅ ስትል፣ ቃል መመዘን የዕድሜ ልክ ሥራዬ መሆኑን ገልጬ እኔ እበቃለሁ አልኳት። ሂሩት የገበያ እንግሊዝኛ አታጣም፤ የሐኪም ቋንቋ ግን ያመልጣታል።

ሐኪሟ ወንበር ስባ፣ ፊቷ ከልጄ ፊት ትይዩ እስኪሆን ዝቅ ብላ ተቀመጠች። ግርማ በግርጌ በኩል ቆመ።

«የልጅሽ አእምሮ ክፉኛ ተጎድቷል» አለች፤ «ደጋግመን መርምረናል፤ የሚመለስ አይደለም። መሣሪያው እያዳናት ሳይሆን ሞቷን እያራዘመ ነው ብለን እናምናለን። ምክራችን ቱቦው ወጥቶ በእቅፋችሁ እንድትሆን ነው። እናንተ ሳትሰሙና ሳትስማሙ ግን አናደርገውም።»

ወደ ሂሩት ዞርኩ። ግርማ ወለሉን ያያል።

«ጉዳቱ ቀላል አይደለም ትላለች» አልኩ። «መሣሪያው ለጊዜው ይቆያል፤ ሌላ ምርመራም ያደርጉላታል።»

ሂሩት ራሷን ነቀነቀች። «ጡት መቼ ትጀምራለች? ወተቴ በከንቱ እየፈሰሰ ነው። ከፈለጉ አልቤ ልላክ።»

ይህን አንድ ቃል ሳላጎድል ለሐኪሟ መለስኩላት። ብዕሯን ከድና ኪሷ ከተተችና ተመለከተችኝ፤ ቍጣ አልነበረባትም።

«ባባ፣ እኔ ያልኩትን የሰማች እናት ይህን አትጠይቅም። ምን ብለው ነገሯት?»

ከእኔ ቀድሞ ግርማ በእንግሊዝኛ፣ «ዶክተር፣ አቅም የላትም፤ በእኛ ባህል እንዲህ አይነገርም። እኔ እፈርማለሁ» አለ።

«ሕፃኗ የእርሷም ናት» አለች ሐኪሟ። «እርሷ ሳትሰማ ከጨረስነው፣ የት ነበርኩ ብላ ስትጠይቃችሁ ምን ትመልሱላታላችሁ?»

ሂሩት ከአንዳችን ወደ ሌላችን እያየች ነበር። «አባባ፣ ምን አለችዎት?»

«ልጄ፣ የነገርኩሽ እርሷ ያለችውን አይደለም» አልኳት። ከዚያም ከመጀመሪያው ጀምሬ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ነገርኳት። ከባዱ ላይ ስደርስ ሐኪሟ ውኃ ሰጥታኝ እስክጨርስ ጠበቀች።

ሂሩት ትጮኻለች ብዬ ስጠብቅ፣ «ጠርጥሬ ነበር» አለች። «ይህን ሁሉ ቀን ገንፎ ይዞ የመጣ ሁሉ፣ ማንን ትመስላለች ብሎ የጠየቀኝ የለም። እርስዎም ጠጕሯ ብዙ ነው አሉኝ። ፈርቼ ነው ያልጠየቅሁት።»

ግርማ ተንበርክኮ ግንባሩን ከእግሯ ላይ ደፋ። «አንቺን ነው የምትመስለው» አላት፤ «አፍንጫዋ ብቻ የእኔ ነው።»

«ምነው እርሱን እንኳ ብትተውላት ኖሮ» አለችው። ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁም ወዲያው ወደ ለቅሶ ተለወጠ። ሐኪሟ አልተነሣችም፤ የሚጠብቋት ብዙ መሆናቸውን አውቃለሁ፤ አልተነሣችም።

ከሰዓት በኋላ መመሪያውን ወደ አማርኛ መልሼ በእጄ ጻፍኩትና ለልጄ አነበብኩላት። ሲስተር ቡሲ ወረቀቱን ለምና ወስዳ አባዝታ መሳቢያዋ ውስጥ አስቀመጠችው። «ሌላ የእናንተ እናት ትመጣ ይሆናል» አለችኝ።

ዓርብ

ሂሩት ሌላ ሐኪም ይያት አለች፤ መብቷ መሆኑን ከንባቡ ተረድታለች። በሕክምናው ያልነበሩ አንድ ጎልማሳ ሐኪም ጠዋት መጡ፤ ሕፃኗን ረጅም ሰዓት መርምረው ያንኑ ተናገሩ። በዚህ ጊዜ በስልክ የምታስተረጕመው ባለሙያ ነበረች። እኔ ላግዝ ብዬ ስጠጋ ዶክተር ሌራቶ በጨዋነት ከለከለችኝ።

«ባባ፣ እርስዎ አያቷ ነዎት። ሁለቱን ሥራ አንድ ሰው አይችልም። ዛሬ አያት ብቻ ይሁኑ።»

በሥራ ዘመኔ ከኃላፊነት ተነሥቼ አውቃለሁ፤ እንዲህ ባለ ደግነት ግን አልተነሣሁም።

ሂሩት አንድ ጥያቄ ነበራት። «እሺ ካልኩ እኔ ገደልኳት ማለት ነው?»

«አይደለም» አለች ሐኪሟ፤ «ሕይወቷን የሚወስደው ጉዳቱ ነው። እንድትሞት ብሎ መርፌ የሚወጋት የለም፤ ሕጉ አይፈቅድም፤ ቢፈቅድም እኔ አላደርገውም። ውሳኔውን ጽፈን የምንሸከመው እኛ ሐኪሞቹ ነን። ፊርማሽን አልፈልግም፤ መስማትሽንና መስማማትሽን ነው የምፈልገው። ጊዜ ከፈለግሽ ጊዜ አለ።»

ሂሩት በራሷ እንግሊዝኛ፣ «ነገ፤ በብርሃን። እኔ ይዣት» አለች። ከዚያ በፊት ግን ትጠመቅ አለች።

ሴት ሕፃን በሰማንያ ቀኗ እንደምትጠመቅ አንባቢ ያውቃል፤ ለሞት የቀረበች ግን ሰማንያ ቀን አትጠብቅም። ቄሱ ያሉበት ከከተማው ማዶ ነበር። ማርቆስ ሱቁን ለወንድሙ ትቶ መኪና ተዋሰ። «ጋሼ፣ እኛ ጋ ሕፃን አይጠመቅም» አለኝ ቁልፉን እያሽከረከረ፤ «ግን ቄሱን ሁለት ታክሲ አላስቀይራቸውም። ሰማይ ቤት ከጠየቁኝ ሾፌር ነበርኩ እላለሁ።»

ሲስተር ቡሲ ውኃውን ለብ አድርጋ በክንዷ እየለካች አመጣች። ሂሩትን በተሽከርካሪ ወንበር አወጧት፤ ልጇን መጀመሪያ የነካቻት ያን ጊዜ ነው። የክርስትና ስሟ ወለተ ሚካኤል ተባለ፤ እናቷ ሶስና አለቻት።

ቅዳሜ

በእኛ አቈጣጠር ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሕፃኗን ከሌሎቹ ለይተው መስኮት ወዳለው ትንሽ ክፍል አመጧት። ወንበሩን ሲስተር ቡሲ በትራስ አመቻችታለች። የሚጮኸውን የመሣሪያ ድምፅ አስቀድመው አጠፉ። ዶክተር ሌራቶ የሕመም ማስታገሻውን አይታ፣ ሂሩትን በዓይኗ ጠይቃ፣ ሂሩት ራሷን በእሺታ ስትነቀንቅ ቱቦውን አወጣች። ፕላስተሩን ከጕንጯ ስታነሣ ፊቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ሆኖ ታየን።

ያበቃል ብለን ትንፋሻችንን ያዝን። ሶስና ግን በራሷ ተነፈሰች፤ አዝግማ፣ እንደገና ተነፈሰች። ሐኪሟ ይህ ሊሆን እንደሚችል አስቀድማ ነግራን ነበር፤ እንዲያም ሆኖ ግርማ ቀና ብሎ ሲያያት፣ «መዳን አይደለም፤ ጊዜ ነው» ብላ በርኅራኄ መለሰችለት። ሲስተር ቡሲ የሂሩትን ወተት በጥጥ ነክራ ሰጠቻት፤ እናቷም የልጇን ከንፈር አራሰችበት። ሂሩት ስለ ቤታችን ነገረቻት፤ ስለ ሞተችው አያቷ ነገረቻት፤ ስለ እኔም ብዙ ጉድ ነገረቻት፤ ከጎኗ ቆሜ ሰማሁ፤ አንዱንም አላረምኩ።

ማንም አላስቸኰለንም። ሐኪሟ አራት ጊዜ ገብታ በማዳመጫ መሣሪያዋ ልቧን አዳመጠች። በአራተኛው ጊዜ ከሂሩት ፊት ተንበርክካ፣ «ሄዳለች» አለች፤ የነገረችው በመጀመሪያ ለእናቷ ነው።

ማምሻውን ሂሩትን አስወጥተን ዮቪል ገባን። ማርቆስ ሾርባ ሠርቶ በር ላይ ትቶልን ነበር።

እሑድ

ገና ሲነጋጋ በሩ ተንኳኳ። ግርማ ለአቶ በቀለ በስልክ ማረፏን ሲነግራቸው፣ ሂሩት አብራ እንደነበረች መናገር ረስቶ ኖሯል። ስከፍት የደረጃው መውጫ በሰው ተሞልቷል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጋቢ ለብሰው፤ አቶ በቀለ ከፊት። ሁለት ሴቶች ሂሩትን ሊይዙ ወደ ውስጥ ተጠጉ።

«ተነሥታለች?» አሉኝ አቶ በቀለ በሹክሹክታ። «ምንም አልሰማችም አይደል?»

መልስ ሳልሰጥ ሂሩት ከኋላዬ መጣች። አንድ እጇን በቍስሏ ላይ አድርጋ በሌላው ግድግዳውን ይዛለች።

«ይግቡ ጋሽ በቀለ» አለች። «ሁላችሁም ግቡ፤ ተቀመጡ።»

«ልጄ፣ እኛ የመጣነው...»

«አውቃለሁ። ይቀመጡ፤ እኔ ልንገራችሁ።»

ተቀመጡ፤ ቦታ ያጣው ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ሂሩት ከበሩ አጠገብ እንደ ቆመች፣ ድምፅዋ ሳይንቀጠቀጥ ተናገረች። «ስሟ ሶስና ነው። ተጠምቃለች። ቱቦውን ካወጡላት በኋላ ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ በራሷ ተነፈሰች። እጄ ላይ ነበረች፤ ወተቴንም ቀምሳለች። አባቷን በአፍንጫ፣ የቀረውን እኔን ነው የምትመስለው።»

አቶ በቀለ ቆባቸውን አወለቁ። በሕይወታቸው ለብዙዎች አርድተዋል፤ ለእርሳቸው ግን እንዲህ ያረዳቸው ያለ አይመስለኝም።

«አሁን አልቅሱልኝ» አለች ልጄ፤ ሴቶቹም ተነሥተው ያዟት።